አራተኛው ዓምድ

ቡናችሁን ያዙና ስሙኝ። ሐርጌሳ ላይ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ነው። እኔን ቀድመው ያገኙኝ ግን አንድ መካኒክ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የማወራላችሁ የእሳቸውንና የአንድ ባለ ካሬ ደብተር ነገር ነው።

ወደ ሐርጌሳ የገባሁት በጅግጅጋ በኩል፣ የእኛ ሰው ቶጎ ውጫሌ፣ ሶማሌዎቹ ዋጃሌ የሚሉትን ድንበር ተሻግሬ ነው። የግንባታ ሥራ ነበረኝ። አሠሪዬ በርበራ ላይም ሥራ ሲይዝ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 160 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርጄ ያንኑ ሽቅብ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። በርበራ ባሕሩ አፍ ላይ ናት፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ማለዳ ሹራብ ደርባችሁ ትነሳላችሁ፤ ረፋዱ ላይ ሸሚዛችሁ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። የሰው ሸሚዝ እንዲህ ከሆነ የራዲያተሩን አስቡት።

ከተማዋን ላላያት ልንገር። መሀል ላይ አንድ ሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሆኖ ተሰቅሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ ከአየር ስትደበደብ የደረሰባትን የሚያስታውስ ነው። በሥሩ ቀኑን ሙሉ መኪና ይፈሳል። ብዙው ቶዮታ ነው፤ ከቶዮታውም ዓይን የሚሞላው ቪትዝ። መንገዱ ላይ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ የአብዛኛው መኪና መሪም በቀኝ ነው። ከፊታችሁ የጭነት መኪና ሲኖር ለመቅደም የምታዩት ነገር የለም፤ በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ አንገቱን አስግጎ «ሂድ» ወይም «ቆይ» ይላችኋል። የሚኒባሱም በር የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ መሀል ነው። ወገኖቼ፣ ብቻችሁን ስትነዱ ያን ግራ ወንበር ባዶ ማየት ልብ ይነካል፤ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

በሰው መኪና እየተለማመጡ መሄድ ሰለቸኝ። ያጠራቀምኳት ጥቂት ዶላር ነበረች። እዚያ የመኪና ዋጋ የሚነገረው በዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለው የሶማሌላንድ ሽልንግ ለሻይና ለትናንሽ ግዢ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳሳሰበኝ እንድታውቁ ግን አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ልመልሳችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት ያገኘውን ገንዘብና ከዘመድ የተበደረውን ደምሮ መኪና ገዛ። የአውሮፓ ሥሪት ናት፤ ስሟን አልጠራም። ውብ ነበረች። ከእኩዮቿም ትረክሳለች። ለምን እንደረከሰች ግን ማናችንም አልጠየቅንም። አብሬው ሄጄ፣ የቆዳ ወንበሯን እየዳሰስኩ «ግዛት» ያልኩት እኔ ነኝ። በአምስተኛው ወር ካምቢዮዋን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ እቃ ተበላሸ። መርካቶ ሄድን፤ ሱማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርነው፤ የለም። ዱባይ ለሚመላለስ ሰው ተነገረ። የመጣው እቃ መልኩ አንድ፣ ቁጥሩ በአንድ ፊደል የተለየ ሆነና አልገጥም አለ። አሥራ አንድ ወር ቆመች። እናታችን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተንፍሶ ቆየች፤ ባልተዘጋው መስኮት ዶሮ ገብታ የኋላው ወንበር ላይ እንቁላል ጣለች። ወንድሜ ያን ጊዜ ሁሉ በእግሩ እየሄደ የመኪና ዕዳ ይከፍል ነበር። እናቴ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሸራውን አየት አድርጋ ዝም ትላለች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሐርጌሳ ግቡልኝ።

የተከራየሁበት ቤት አጠገብ ጋራዥ ያላቸው የአገሬ ሰው አሉ። ኮምቦልቻ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሥር ተኝተው ሙያ የተማሩ፣ ሐርጌሳ ከገቡም ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። አማራውም ኦሮሞውም ሶማሌውም «ጋሼ» ይላቸዋል። «ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው። ሦስት አይቻለሁ። ቅዳሜ አብረውኝ ቢያዩልኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ቅዳሜ እናያቸዋለን። ነገ ግን ደብተር ግዛና ና።»

«ደብተር ለምን?»

«የመኪና ዋጋ የሚጠየቀው መለዋወጫ ሻጭ ቤት ነው ልጄ።»

ሦስቱ መኪኖች እነዚህ ነበሩ። አንደኛዋ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ 1.3 ሊትር። ሁለተኛዋ ሃሪየር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፤ በሌላ አገር ሌክሰስ ተብላ የተሸጠችው ናት። ሦስተኛዋ የአውሮፓ ነበረች፤ የወንድሜን መኪና የሠራው ፋብሪካ ባይሆንም። በዋጋ ሦስቱም ተቀራራቢ ናቸው፤ እንዲያውም የአውሮፓዋ ከሁሉም ትረክሳለች። ልቤ ያለው ሃሪየሯ ላይ ነው። ከፍ ያለች ናት፤ አስፋልት ያልነካው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ ድንጋዩን ረግጣው ታልፋለች ብዬ አሰብኩ።

ማታ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠን ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እነዚህ የጃፓን መኪኖች ደህና እየሄዱ ለምን የተሸጡ ይመስልሃል?» አላውቅም አልኩ። ያን ጊዜ ያስረዱኝን ዛሬም አልረሳውም። ጃፓን ውስጥ ሻኬን የሚሉት የግዴታ ምርመራ አለ። አዲስ መኪና በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይቀርባል። ክፍያው ብቻ አይደለም፤ ያረጀው ሁሉ ተቀይሮ ነው የሚያልፈው። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና 13 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ዓመታዊ ግብሩ ይጨምራል። ጃፓናዊው እስክሪብቶ ያወጣል፣ የሚመጣውን ወጪ ይደምራል፣ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያስተያየዋል፣ ይሸጣታል። መኪናዋ መርከብ ላይ ትወጣለች። ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ያልፋሉ፤ ራስ አል ኾር ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተ ለዚሁ ንግድ የተለየ ቀጠና አለ። ከዚያ በርበራ።

«እንግዲህ የመጀመሪያው ባለቤት ሒሳቡን ሠርቶ ነው የጣላት» አሉ ጋሼ። «አንተም ሒሳብ ሠርተህ አንሳት።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መለዋወጫ ሻጮቹ ዘንድ ነበርን። ደብተሩን ጋሼ በራሳቸው እጅ አሰመሩት። ለእያንዳንዷ መኪና አንድ ገጽ፤ በጎን አሥራ ሁለት እቃ። የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ሾክ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ቴስቲና፣ የፊት መብራት። ወደ ላይ አራት ዓምድ። በመጀመሪያው ኦርጅናሉ ስንት ነው። በሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ የሠራው። በሦስተኛው ከታረደ መኪና የወጣው፤ እዚያ ብዙው የሚመጣው ከሻርጃ የአሮጌ መለዋወጫ ሰፈር ነው። በአራተኛው አናት ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጻፉ፦ መቼ።

«ሰው ሦስቱን ይጠይቅና አራተኛውን ይረሳል» አሉኝ። የወንድሜን ሸራ የለበሰች መኪና አልነገርኳቸውም ነበር። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ስንገባ ሽማግሌው ባለሱቅ መስተዋቱን እየወለወሉ ነበር። እኔ ቀደም ብዬ «ካንዴላ» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። «ቺንጋ» አልኩ፤ ይኸኛውም የለም። ጋሼ ጣልቃ ገቡና በሶማልኛ «አደር፣ ብላግ፣ ቤልት፣ ቤሪንግ» እያሉ ቆጠሩላቸው። ነገሩ ገባኝ። የእኛ ጋራዥ አፉን የፈታው በጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላው፣ ኩሽኔታው፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ስፖኪዮው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ሐርጌሳ ደግሞ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነበረች፤ መካኒኳ የተማረው በእንግሊዝኛ ስም ነው፣ ሶማልኛ «ፐ» ስለሌለው ፕላጉ ብላግ ሆነ። አንድ እቃ፣ ሁለት ስም፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ትናንት ከየመኪናው ኮፈን ሥር ከተለጠፈችው ሰሌዳ የሻንሲ ቁጥሩን አስገልብጠውኝ ነበር። የጃፓን የአገር ውስጥ መኪና ሌላው ዓለም የለመደውን 17 አሃዝ አይይዝም፤ አጭር ነው፤ ሞተሩንና ቅርጹን በሚናገሩ ፊደላት ይጀምርና በተራ ቁጥር ያልቃል። የኔዋ ቪትዝ «ኤን ሲ ፒ 10» ትላለች። ለሰለጠነ ሻጭ ያቺ መስመር ከስምም ከፎቶም ትበልጣለች።

አሁን ይህንን በደንብ አስተውሉልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ይኸው ነውና። «ቪትዝ፣ የፍሬን ሸራ» ሲባሉ ሽማግሌው አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ካርቶኑን አወረዱ፤ ሦስት ዓይነት። «ሃሪየር፣ ባለ ስድስቱ» ስንል መሰላል ፈለጉ፤ ወጡ፤ ሁለት አቧራ የለበሰ ካርቶን ይዘው ወረዱ፤ ለቀረው ለጎረቤት ሱቅ ስልክ ደወሉ። የአውሮፓዋን ስም ስንጠራ ግን ልጁን ወደ ውጪ ላኩና በወተት የፈላ ሻይ አስመጡልን። «ዋላል፣ ቁጭ በሉ» አሉ። ዱባይ ላለ ሰው በስልክ ፎቶ ላኩ። ሻዩን ጠጥተን ጨረስን፤ መልስ አልመጣም። በሁለተኛው ሱቅ፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛው፣ ነገሩ ያው ነው። እጅ፣ መሰላል፣ ሻይ። በሦስተኛዋ መኪና ገጽ አራተኛው ዓምድ ላይ «ሳምንት»፣ «ሁለት ሳምንት»፣ «ኢንሻአላህ» እያልኩ ጻፍኩ።

የቪትዟ ነገር ከየት እንደመጣ ደግሞ ልንገራችሁ። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ትንሽ የከተማ መኪና ነበረች፤ በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም የ2000 የዓመቱ መኪና ሆና ተሸለመች። ለእኛ የሚበጀው ግን ሽልማቷ አይደለም፤ የሞተሯ ዘመዶች ናቸው። 1.3 ሊትሩና ታላቅ ወንድሙ 1.5 ሊትሩ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይኸው ቤተሰብ በፕሮቦክስ ውስጥ አለ፣ በፈንካርጎ፣ በኢስት፣ በፊልደር ውስጥ አለ። ፕሮቦክሷ እቃ ስትጭን ትውላለች፣ ፊልደሯ ሰው ታመላልሳለች፤ ለእነሱ የመጣው ፊልትሮና ካንዴላ ለእናንተም ይሆናል። ነጋዴው አንድ ካርቶን አስመጥቶ ለአምስት ዓይነት መኪና ይሸጣል፤ ስለዚህ ያስመጣል፤ ስለዚህ ይረክሳል። የታይሚንግ ቺንጋም የላትም፤ በካቴና ነው የምትሠራው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልቀየራችሁኝ አትልም።

ሃሪየሯን አላንቋሽሻትም፤ ምቾቷን ቀምሼዋለሁ። ግን ቁጠሩ። ካንዴላው ስድስት ነው፤ ቦቢናውም ስድስት። ሞተሩ የተቀመጠው በአግድም ነው፤ ሦስቱ ካንዴላዎች ከኋላ፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቀዋል። እነሱን ለመንካት ላዩ ሁሉ ይፈታል፤ በቪትዟ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ እዚህ ግማሽ ቀን ይበላል፤ መካኒክ ደግሞ የሚከፈለው በቀኑ ነው። ይህ ባለ 3 ሊትር ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ የውሃ ፓምፑም የሚዞረው በዚያው ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲቀየር ፓምፑም፣ መወጠሪያውም፣ ኩሽኔታዎቹም አብረው ቢቀየሩ ነው የሚሻለው፤ አለበለዚያ ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ሻጩ «120,000 ነው የተነዳችው» ሲል «ቺንጋዋስ ተቀይሯል?» ብላችሁ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋ ቀንሱ። ጎማዋም ባለ 16 ነው፤ የቪትዟ ባለ 13 ወይም ባለ 14፤ አራቱን ስትገዙ ልዩነቱ ይታያችኋል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሐርጌሳ ከቀትር ሶላት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ታርፋለች። ከእኛ አገር የገባው ጫት በየጥላው ተዘርግቷል፤ ከተማው ጸጥ ብሏል። እኛ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥንና ጋሼ እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ።

«በሳምንት ስንት ትነዳለህ?» ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ 640 ኪሎ ሜትር። «በዓመት?» አባዛሁ፤ 33,280። «በሁለት ዓመት?» 66,560። ጃፓን ውስጥ ፋብሪካው ዘይት በ15,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይላል፤ አቧራና ዳገት ባለበት ግን በግማሹ፣ በ7,500። ጋሼ ከዚያም ዝቅ አድርገው 5,000 አሉ፤ የሐርጌሳን አቧራ ለሚያውቅ ይኼ ልክ ነው። እንግዲህ በሁለት ዓመት 13 ጊዜ። የቪትዟ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ በድምሩ 48 ሊትር። የሃሪየሯ 4.7 ገደማ፤ በድምሩ 61። ነዳጁ ደግሞ፣ ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር አምስት ሊትር ብቻ ነው ብንል፣ በሁለት ዓመት ከ3,300 ሊትር በላይ ነው። ጋሼ ቁጥሯን ሁለት ጊዜ ከበቡባት። የአሥራ ሁለቱን እቃ ድምር ስናየው የሃሪየሯ ገጽ ከቪትዟ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአውሮፓዋን መደመር አልቻልንም፤ ግማሹ ባዶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የወንድሜን ነገር ያወጣሁት። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አሥራ አንድ ወር በዕዳና በእግር» አሉ። «ይኼ ዋጋ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?»

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። የዚያች መኪና መጨረሻዋ ሱማሌ ተራ ሆኗል፤ እየፈታ ሸጧታል። በሯን የገዛው ሰው አንድ ዓይነት መኪና ይዞ በር ፍለጋ ወራት የተንከራተተ ነበርና ሲያገኛት እጁን ያዘው አለኝ። አሁን ደግሞ ወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪና እያየ ነው። አዲስ አበባ ሌላ ምን አማራጭ አለው? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ አገደ። የኤሌክትሪኳ ዘይት አትለውጥም፣ ካንዴላ የላትም፣ ፊልትሮዋም ጥቂት ነው፤ ይኼ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ግን ባትሪዋ ሲደክም ማን ይከፍታል? የፊት መብራቷ ቢሰበር ከየት ይመጣል? ቻርጅ ማድረጊያዋን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሰፈሩ ውስጥ አለ ወይ? አራቱን ዓምዶች በስልክ አስጻፍኩት። «መቼ» የምትለዋን ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ። «ወንድም ጋሼ፣ እሷን ቀድሜ ነው የምጠይቀው» አለኝ።

ቅዳሜ ቪትዟን ለማየት ሄድን። ጋሼ ማለዳ ነው የሄዱት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ መስማት ስለሚፈልጉ ነው። ካቴናዋ ያረጀች ከሆነች በቀዝቃዛው ሲነሳ ትንኳኳለች። ኮፈኑን በእጃቸው ዳበሱ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ አላቸው። የዘይት መክደኛውን ፈትተው ውስጡን አዩ፤ ጥቁር ጭቃ የለም። ጎማዎቹ ላይ ጎንበስ ብለው የአራት አሃዝ ማህተም አነበቡልኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ሁለቱ ጎማዎች ጥርሳቸው ያልተበላ፣ ዕድሜያቸው ግን አሥር ዓመት ያለፈ ነበር። «ይህ ጎማ በበርበራ ሙቀት ይፈነዳል» አሉ፤ የሁለት ጎማ ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ተቀነሰ። የጃፓን የጨረታ ወረቀቷን አስወጡ፤ ፊደል የሚያነቡት እንደ ዳዊት ነው፤ «አር» የሚል ቢኖር ተጋጭታ የተሠራች ናት ማለት ነው። አልነበረም። መብራቱን አብርተው ግድግዳ ላይ አዩት። ለግራ መንገድ የተሠራ የጃፓን መብራት በቀኝ ሲነዱበት ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ ዝቅ አድርገው ካላስተካከሉት በቀር ሌሊት በርበራ መንገድ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። እሱን እዚያው በእጃቸው አስተካከሉ።

ዋጋው ደብተሩ ፊት ተወራ። ሻጩ ሰው አክባሪ ነው፤ ገጹን አገላብጦ አየና ሳቀ፤ አልተከራከረም። በዛድ ከፈልኩ። ዛድ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ የስልክ ገንዘብ ነው፤ ሐርጌሳ ላይ ሻይ የሚሸጠውም ቤት የሚያከራየውም በእሱ ይቀበላል። ስልኬ ላይ ቁጥር ነካካሁ፣ የእሱ ስልክ ጮኸ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። የተረፈችኝን ገንዘብ ጋሼ እንድነካት አልፈቀዱልኝም። ዘይት፣ ሁለት ፊልትሮ፣ አራት ካንዴላ፣ ሁለት ጎማ፣ የራዲያተር ውሃ፤ መኪናዋ ከተገዛች በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ወጪ ነው፤ ቀድሞ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን ሳንቀይር ቀረን። የዲናሞው ቺንጋ ደህና ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ወር ከበርበራ ስመለስ፣ ደዓርቡዱቅ የምትባለው ከተማ ልገባ ስል የባትሪዋ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። የዚህች ሞተር ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። ሞተሩን አጥፍቼ በነበረኝ ፍጥነት ተንሸራተትኩና አንድ የጎሚስታ ቤት ፊት ቆምኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። ወዲያና ወዲህ አሸዋ፣ ግራር፣ ፍየል። አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከጥላ ሥር ተነሳና መጣ። የሸራ ለባሿ መኪና ሆዴ ውስጥ መጣችብኝ፤ የእናቴ ዝምታም።

ኮፈኑን ከፈትኩለት። ልጁ ገባ ብሎ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኤሲ አለው?» አለው አልኩ፤ ኤሲ ያለውና የሌለው ቺንጋቸው በርዝመት ይለያያል። ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ አንድ እቅፍ ቺንጋ ነበር። ከመሀሉ ሳያመነታ አንዱን መዘዘ። ዲናሞውን በአንዲት ቁልፍ አላላ፣ አጠለቀው፣ በብረት ወጠረው፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለካው። ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ውሃ ጨመረ። በዛድ ከፈልኩትና አንድ ሌላ ቺንጋ ጨምሬ ገዝቼ ከክሪኩ አጠገብ አስቀመጥኩ።

ከመነሳቴ በፊት ደብተሩን ከዳሽቦርዱ ኪስ አወጣሁ። የቪትዟ ገጽ ላይ፣ ከቺንጋው ትይዩ፣ በአራተኛው ዓምድ «ዛሬውኑ» የሚል በጋሼ እጅ ተጽፏል። ከሥሩ እኔ ጨመርኩበት፦ «ደዓርቡዱቅ፣ 25 ደቂቃ»።